ባግፓይፕን ከግል አስተማሪ እንዴት እንደተማርኩ

ግላስጎው የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ቡካናን ስትሪት ላይ ኪልት (የስኮትላንድ ወንዶች ቀሚስ) ለብሶ ከረጢት በብብቱ ይዞ የሚነፋው ሰውዬ፣ ከስንት ህንፃ ወዲያ የሚሰማው፣ አዎ ያንን መሳሪያ፣ ባግፓይፕን ነው የተማርኩት። የአውቶብስ ሹፌር ነኝ፣ ሙዚቀኛ አይደለሁም፣ አገር ቤት እያለሁ ዋሽንት እንኳን በቅጡ ይዤ አላውቅም። ድምፁ ደስ ይለኛል በቃ፣ «ምን ነካህ» ለሚሉኝም መልሴ ይኸው ነው። ግን እንዴት እንደሆነ ልፃፈው፣ መጀመር የሚፈልግ ሰው ካለ ቢያንስ ፓውንዱን የት ላይ ማውጣት እንዳለበት ይወቅ።

መጀመሪያ ነገር ባግፓይፕ ልማር ብላችሁ ስትሄዱ ባግፓይፕ አይሰጣችሁም። የሚሰጣችሁ ፕራክቲስ ቻንተር የሚሉት ቀጭን ዋሽንት ነገር ነው፣ ውስጡ ሪድ የሚሉት ሲነፋ እየተርገበገበ ድምፅ የሚሰጥ ቀጭን ነገር አለው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ከመቶ ፓውንድ በታች ደህና ይገኛል። ብዙ ሰው ከስድስት ወር እስከ አንድ አመት እሱ ላይ ነው የሚቆየው፣ እኔ ሺፍቴ እየተቀያየረ ከዛም በላይ ፈጀብኝ። እና አስተማሪ ምን ያደርጋል ለምትሉ፣ በመጀመሪያው አመት ዋና ስራው እናንተን ከትልቁ መሳሪያ ማራቅ ነው ብል ማጋነን አይደለም፣ የከፈልኩትም ለዛ ነው፣ አይቆጨኝም።

ምክንያቱን ላስረዳ። ዋሽንት ላይ ትንፋሽህን ቆም ታደርግና እንደገና ትነፋለህ፣ አንዱን ኖታ ሁለቴ ማለት ቀላል ነው። ባግፓይፕ ግን ከተነሳ አይቆምም፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ ማድረግም አይቻልም፣ ዝም ማለት የሚባል ነገር የለውም። ታዲያ አንዱን ኖታ ሁለቴ እንዴት ትላለህ? በመሀል ሌላ ጣት ብድግ አርጎ በመመለስ ነው፣ ያቺ ብልጭ የምትል ድምፅ ግሬስ ኖት ትባላለች፣ ከሷ ላይ ደብሊንግ፣ ግሪፕ የሚባሉ የጣት ጌጦች አሉ፣ በርል የሚሉት በትንሿ ጣት የሚጫወቱት ጣት የሚያሳብድ ነገር አለ፣ ሙዚቃው እሱ ውስጥ ነው ያለው። ደግሞ ከኖታ ወደ ኖታ ስትሄድ ጣቶችህ እኩል ካልተነሱ በመሀል የማይፈለግ ሶስተኛ ድምፅ ሾልኮ ይወጣል፣ የሚገርመው ራስህ አትሰማውም። አስተማሪዬ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሻይ እያፈሉ ይሰሙታል። «ድገመው»። ዩቲዩብ ድገመው አይልም፣ ልዩነቱ ይሄ ነው።

አስተማሪዬ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፣ ድሮ በባንድ ይነፉ ነበር፣ ትምህርቱ እቤታቸው ኪችን ውስጥ ነው፣ በሳምንት አንድ ቀን። እዚህ አገር ሁሉም በስሙ ነው የሚጠራው እኔ ግን አፌ እምቢ አለኝ፣ ባለቤቴ «ዛሬ የኔታ ጋ አትሄድም እንዴ» እያለች ትቀልድብኛለች። ቀልዷ ግን ቁም ነገር አለው። ሰውዬው አዲስ ዜማ ሲያስተምሩ ወረቀቱን ከማውጣታቸው በፊት ይዘፍኑታል፣ ግን በግጥም አይደለም፣ ትርጉም በሌላቸው ቃላት ነው፣ ለእያንዳንዱ ኖታና ለእያንዳንዱ ጌጥ የራሱ ድምፅ አለው፣ ካንታራክ ይሉታል። ፒብሮክ የሚባለው ትልቁና ረጅሙ የባግፓይፕ ሙዚቃ በኖታ ሳይፃፍ በፊት ከአስተማሪ ወደ ተማሪ የሚተላለፈው በዚህ ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ቤተክርስቲያን የቆሎ ተማሪዎች ዜማ በቃል ሲቀበሉ እሰማ ስለነበር አልገረመኝም፣ የሚገርመው እዚህ መገኘቱ ነው። ደህና አርጌ መዝፈን ካልቻልኩ ቻንተሩን አያስነሱኝም ነበር፣ በኋላ እንደገባኝ አውቶብስ ውስጥ እረፍት ላይ ሆኜ ያለ መሳሪያ መለማመድ የቻልኩትም በሱ ነው።

ከዛ ከረጢቱ መጣ። እውነት ለመናገር እንደገና ከዜሮ ነው የተጀመረው። ድሮን የሚባሉ ሶስት ቱቦዎች ትከሻህ ላይ ቆመዋል፣ ሁለቱ ቴነር አንዱ ቤዝ፣ እነሱ አንድ ድምፅ ብቻ ይዘው ሳያቋርጡ ይጮሃሉ፣ አስተማሪዬ በመጀመሪያ ሶስቱንም ወትፈው ዜማው በሚወጣበት ቱቦ፣ በቻንተሩ ብቻ አስጀመሩኝ ከዛ አንድ በአንድ እየከፈቱ። ሰው ሁሉ ሳንባ የሚጠይቅ ይመስለዋል። ሳንባ ሳይሆን መጀመሪያ የሚደክመው ከንፈር ነው፣ አየር በጎን ማፍሰስ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ክንድ። ወናፍ እንኳን ተነፍቶ ያርፋል፣ ይሄ አያርፍም፣ አንተ አየር ስትስብ ክንድህ መጫን አለበት፣ ስትነፋ ክንድህ መልቀቅ አለበት፣ በመሀል ግፊቱ መለወጥ የለበትም፣ ከተለወጠ የቻንተሩ ድምፅ ከድሮኖቹ ይለያይና ጆሮ ያማል። አስተማሪዬ ለዚህ ውሃ ያለበት ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ከረጢቱ ላይ ያያይዛሉ፣ ውሃው ከፍ ዝቅ ካለ ግፊቱ እየዋዠቀ ነው ማለት ነው፣ ስራህ ውሃውን ባለበት ማቆም ነው። ምንም ዜማ የለም፣ ውሃ ማየት ብቻ። ከተማርኩት ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ይሄ ነው፣ ቱቦውን ደግሞ ማንም ከሃርድዌር ሱቅ በትንሽ ሳንቲም ያገኘዋል።

መሳሪያ ስትገዙ ኦንላይን በርካሽ የሚሸጡትን፣ ግድግዳ ላይ ለመስቀል የሚሆኑትን፣ ተዉአቸው፣ ሪድ አይቀበሉም አየር ያፈሳሉ። ደህናው አዲስ ከሆነ ሺ ፓውንድና ከዛ በላይ ነው። እኔ አስተማሪዬ ነፍተው ያዩትን ሰከንድ ሃንድ ነው የገዛሁት። እንጨቱ ጥቁርና ከባድ ነው፣ በብዛት ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ነው የሚመጣው፣ የስኮትላንድ ምልክት የሚሉት ነገር ከኛው ከምስራቅ አፍሪካ ነው የበቀለው፣ ይሄን ለስኮትላንዶች መንገር ደስ ይለኛል ሃሃ። መጋጠሚያዎቹ አየር እንዳያፈሱ ሰም የተቀባ ክር ይጠመጠምባቸዋል፣ ክር መጠምጠም እራሱ አንድ ትምህርት ነው።

ድምፁ ከ100 ዴሲቤል በላይ ስለሆነ አፓርትመንት ውስጥ አይታሰብም፣ እኔ ፓርክ ነው የምሄደው፣ የጆሮ መድፈኛ ሳልይዝ አልወጣም። ፅዳት ደግሞ እንዳትንቁ። በፈረንጆች 2016 ቶራክስ የሚባል የህክምና መፅሄት ላይ የወጣ ታሪክ አለ፣ በየቀኑ ባግፓይፕ የሚነፋ እንግሊዝ ውስጥ የሚኖር የ61 አመት ሰው በሳንባ በሽታ ሞተ፣ መሳሪያው ሲመረመር ውስጡ ሻጋታ ተገኘ፣ ያለ ባግፓይፑ ሶስት ወር አውስትራሊያ በቆየበት ጊዜ ተሽሎት ነበር። ስለዚህ ከነፋችሁ በኋላ መፍታት፣ ውስጡን መጥረግ፣ ማድረቅ፣ እንደደከማችሁ ሳጥን ውስጥ ወርውሮ መተኛት የለም።

የኛን ሙዚቃ ይጫወታል ወይ ለምትሉኝ፣ ያለው ዘጠኝ ኖታ ብቻ ነው፣ ግን ትዝታ ሜጀር ልክ ቁጭ ብሎ ይወጣል፣ ብዙ የስኮትላንድ ዜማ ራሱ በአምስት ኖታ የሚሄድ ስለሆነ። አንቺሆዬ ግን የሚያስፈልጋት ኖታ እዛ የለም፣ ብዙ ታግዬ ትቼዋለሁ። ለአስተማሪዬ ትዝታውን ስነፋላቸው «የየትኛው ደሴት ዜማ ነው?» አሉኝ።

ግላስጎው ላላችሁ፣ የግል አስተማሪ ከመያዛችሁ በፊት ማክፋተር ስትሪት ያለው ናሽናል ፓይፒንግ ሴንተር ጎራ በሉ፣ ሙዚየም አላቸው፣ ትምህርትም ይሰጣሉ። ኦገስት ላይ ግላስጎው ግሪን ፓርክ የአለም የባግፓይፕ ባንዶች ውድድር ሲኖር ደግሞ በጠዋት ሂዱ፣ መድረኩን ትታችሁ ባንዶቹ ክብ ሰርተው ድሮን የሚቃኙበት ጋ ቁሙ፣ መሪው አንድ በአንድ እየዞረ ሲያስተካክል መስማት እኔ ከውድድሩ የበለጠ ነው የምወደው።