የቱ ይቆይ?
ዛሬ ሚኒስትራችን የመጪውን በጀት ዓመት ትኩረት አቅጣጫዎች ለእኛ ለዳይሬክተሮች አቀረቡልን፣ ስላይዱ አልቆ ጥያቄ ካለ ሲባል አጠገቤ የተቀመጡት አንጋፋ ዳይሬክተር እጃቸውን አውጥተው "ክቡር ሚኒስትር፣ ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን ሰው ሲያንሰን የቱ ይቆይልን?" አሉ።

ወረቀታቸውን አየሁት። በየተግባሩ ጎን የሚሰራውን ባለሙያ ስም በእርሳስ ጽፈዋል፣ የአንዱ ልጅ ስም እላይም አለ መሃልም አለ እታችም አለ፣ ሳየው ልጁ ከልቤ አሳዘነኝ። ሚኒስትሩም ወረቀቱን ተቀብለው ዝም ብለው አነበቡትና ሁለቱን ተግባራት ለቀጣዩ ዓመት እናሸጋግራቸው አሉ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የአስር ዓመቱ የልማት ዕቅድ ከ2013 እስከ 2022 ነው፣ እሱ ወደ ዓመታዊ ዕቅድ ይወርዳል፣ ከዛ ወደ ዳይሬክቶሬት፣ ከዛ ወደ ቡድን፣ መጨረሻ ላይ አንድ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፣ ሲወርድ ደግሞ ሁሉም የራሱን ይጨምርበታል እንጂ የሚቀንስለት የለም (የምዘናው ውጤት ዝቅ ሲል የሚጠየቀው ግን ያው ልጅ ነው)። ስለዚህ አመራሮቻችን ቅድሚያ የምንሰጠው ይሄን ነው ሲሉን የሚቆየውንም አብረው ቢነግሩን፣ ሐምሌ 1 ሳይገባ ብንነጋገርበት በጣም ነው የምፈልገው። እኔም ለቡድኔ ዕቅድ ሳወርድ መጀመሪያ ስም በስም ነው የማስጽፈው።