አንበሳው ተኝቶ ነበር

አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። «እስቲ አንድ ታሪክ ጻፉ» ሲባሉ ልጆቹ ምን እንደሚያመጡ የሙያ ጓደኞቼ ያውቁታል። «ከዕለታት አንድ ቀን አንድ አንበሳና አንዲት ጦጣ ነበሩ።» በቃ። ከዚያ በኋላ እርሳስ መቅረጽ ነው፤ «ቲቸር፣ ውሃ ልጠጣ?» ነው።

አምና ለንባብ ሳምንት አንዲት የልጆች መጽሐፍ ደራሲ ጋበዝን። ትምህርት ቤቱ እንደ ደንቡ ባነር ሰቀለ፣ ማይክ ተከለ፣ መዝሙር አስጠና። ደራሲዋ ግን ማይኩን ትተው ክፍል ውስጥ ገቡና ከልጆቹ ጋር ዴስክ ላይ ተቀመጡ።

«አባባ ተስፋዬን የሚያውቅ?» ብለው ጀመሩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እጃችንን ያወጣነው ከኋላ የቆምነው አስተማሪዎች ብቻ ነን። በልጆቹ አይፈረድም። ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት የነገሩን ሰው በ2009 ሲያርፉ፣ እነዚህ ገና አፋቸውን በቅጡ አልፈቱም።

ደራሲዋ ወደ አንበሳው ዞሩ።

«በዓይኑ አንበሳ ያየ አለ?»

«እኔ! ስድስት ኪሎ፣ አንበሳ ግቢ!» አለ ዓመቱን ሙሉ ከሁለት መስመር በላይ ጽፎልኝ የማያውቅ ልጅ።

«ምን ሲያደርግ አየኸው?»

«ተኝቶ ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። «ታዲያ ለምን እሱን አትጽፍልንም?» አሉት። ልጁ የምራቸውን መሆኑን ለማወቅ ወደ እኔ አየ።

ከቦርሳቸው ወረቀት አወጡ። አንዱን ኤ-ፎር ሦስት ጊዜ አጠፉት። ዘረጉት፣ እኩል አጥፈው መሃሉን በመቀስ ቀደዱና በቁመቱ አጥፈው ገፋ ሲያደርጉት 8 ገጽ ያላት፣ መዳፍ የምታክል መጽሐፍ ሆነች። ስቴፕለር የለ፣ ሙጫ የለ። የሚጻፈው በአንድ ፊት ብቻ ነው፤ ሌላኛው ፊት እጥፋቱ ውስጥ ይደበቃል። ስለዚህ የድሮ ፈተና ወረቀትም ይሆናል። ለመንግሥት ትምህርት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔን የገረመኝ የገጹ ማነስ ያመጣው ለውጥ ነው። የደብተር ገጽ ሃያ ምናምን መስመሩን ዘርግቶ ሲጠብቃቸው ያስፈራቸዋል። ይህችኛዋ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ትሞላለች፤ ሞላ ማለት ደግሞ ይገለጣል።

የልጁ መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ «የተኛው አንበሳ» ይላል። ውስጡ እንዲህ ነው፦

«ከአባዬ ጋር አንበሳ ግቢ ሄድን።»
«አንበሳው ተኝቷል።»
«አሁንም ተኝቷል።»
«አባዬ አፏጨለት። ጥበቃው ተቆጣን።»
«ሳምቡሳ በላን።»
«ተመልሰን ስናየው ተገላብጦ ተኝቷል።»

የኋላ ሽፋኑ ላይ «ዋጋ 50 ብር» ጽፎበታል።

ሁለት ቦታ የፊደል ስህተት ነበረበት። ደራሲዋ አልነኩትም፤ «እርማት ሁለተኛው ቅጂ ላይ ይደርሳል» አሉኝ ቀስ ብለው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለችውን «አሁንም» ግን ጮክ ብለው ሁለቴ አነበቧት። ልጁ ወንበሩ አልበቃው አለ።

ይሄኔ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ብቅ አሉና መጽሐፏን አገላብጠው አዩ። «ጎበዝ። ግን ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?»

ልጁ አሰበ፣ አሰበና «በጠዋት መሄድ» አለ።

ምክትሉ ራሳቸው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ አርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የመጽሐፍ ሥራ ሆኗል። አንበሳና ጦጣ ጨርሰው አልጠፉም፤ ግን አሁን የታክሲ ረዳት፣ የጎረቤት ውሻ፣ መብራት የጠፋበት ማታ ይመጣል። የማባዣ ክፍሉ ሠራተኛም የተበላሸ ወረቀት መጣሉን ትቶ ያጠራቅምልናል።

አንድ ችግር ብቻ ገጠመን። አንዷ ተማሪ መጽሐፏን ብትፈታው ከውስጥ የሳይንስ ፈተና ወጣ። በማግስቱ ክፍሉ በሙሉ ያንን መጽሐፍ በውሰት ሲቀባበል ነው የነቃሁት። አሁን ወረቀቱን ከማደሌ በፊት የስንት ዓመተ ምሕረት ፈተና እንደሆነ አያለሁ።