«ጠላ እኮ እህል ነው»

የታናሽ ወንድሜ ዓይን ቢጫ በሆነ ጊዜ፣ ከእንጦጦ ማዶ ያለው የሱሉልታ ሰፈራችን ሁለት ፍርድ ሰጠ። ገሚሱ «የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው» ብሎ ቅጠል አመጣ፤ ሌላው የእጁን መንቀጥቀጥ አይቶ «አረቄው ነው» አለ። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክም ከሁለተኛው ወገን ነበር፤ ይጠጣ እንደሆነ ጠየቁት፣ አልፎ አልፎ እንደሚጠጣ ሲነግራቸውም «ተው» ብለው ቪታሚን ጽፈው ሸኙት። ዕድሜው 22 ነበር። በዚያ ዕድሜ መጠጥ ብቻውን ጉበትን እዚያ ለማድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እውነቱ የታወቀው ከወራት በኋላ፣ አንዲት የዓይን ሐኪም በመሣሪያ ስትመረምረው በብሌኑ ዳርቻ ወርቅማ ቡናማ ቀለበት ባየች ጊዜ ነው። በሽታው በ1912 እ.ኤ.አ. በዝርዝር በጻፈው የነርቭ ሐኪም ስም የዊልሰን በሽታ ይባላል። ጤነኛ ጉበት ከምግብ የሚገባውን ትርፍ መዳብ በሐሞት አማካይነት ያስወጣል፤ ይህን የሚያከናውነው ኤቲፒ7ቢ የተባለው ዘረመል ከእናትም ከአባትም ተበላሽቶ ሲወረስ ግን መዳቡ መጀመሪያ በጉበት፣ ከዚያም በአንጎል ይከማቻል። የወንድሜ እጅ የተንቀጠቀጠው ከዚህ የተነሣ ነበር። መጠጡ ለበሽታው ምክንያት ሳይሆን መሸፈኛ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ይህ ግን መጠጡን ነጻ አያወጣውም። አልኮል በጉበት ውስጥ ሲሰባበር አሴታልዲሃይድ የተባለ መርዛማ ነገር ይፈጠራል፤ የጉበት ሴሎችን የሚያቃጥሉ የኦክስጅን ውሁዶችም አብረው ይበዛሉ። የተከማቸው መዳብም በበኩሉ እነዚያኑ ውሁዶች ስለሚያመነጭ ነገሩ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል። ብረት በሰውነት የሚከማችበት ሄሞክሮማቶሲስ የተባለው ሌላ የዘር በሽታ ይህን በቁጥር ያሳያል፦ በሽታው ካለባቸው ሰዎች መካከል በቀን ከ60 ግራም በላይ አልኮል፣ ማለትም ከ4 እስከ 5 ጠርሙስ ቢራ የሚጠጡት፣ ከዚያ በታች ከሚጠጡት ይልቅ ሲሮሲስ የተባለው የጉበት ጠባሳ የሚይዛቸው ዘጠኝ እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። አልኮል ብረት ከአንጀት እንዳይበዛ የሚቆጣጠረውን ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ስለሚያዳክም ክምችቱን ራሱን ያባብሰዋል። በደቡባዊ አፍሪካ ደግሞ በብረት ዕቃ የሚጠመቅ የቤት ቢራ የሚያዘወትሩ ሰዎች ከመጠጡ በሚያገኙት ብረት ጉበታቸው ይጎዳል፤ የእናቴ ጋን የሸክላ መሆኑን ያመሰገንኩት ያን ባነበብኩ ጊዜ ነው።

መድኃኒቱን ወንድሜ ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፤ መዳቡን ከሰውነት በሽንት የሚያስወጣ ነው፣ የሚዋጠውም ሆድ ባዶ ሳለ ነው። ይህ አላስቸገረንም። ያስቸገረን የጽዋ ማኅበር ነው። አረቄውን ሁሉም «መጠጥ» ብሎ ስለሚያውቀው እንቢ ማለት ይቻላል፤ ጠላን ግን በሰፈራችን መጠጥ ብሎ የሚጠራው የለም፣ ቅራሪማ ለሕፃናትም ይቀዳል። አንድ አባት ጣሳውን ይዘው «በሞቴ ልጄ፣ ይቺን ብቻ፣ ጠላ እኮ እህል ነው» ሲሉት፣ ጉበቱ ለጌሾና ለብቅል ልዩ ፍርድ እንደማይሰጥ እንዴት ብሎ ያስረዳቸዋል? የተጎዳ ጉበት ላለው የዊልሰን ታማሚ ሐኪሞች የሚመክሩት መቀነስን ሳይሆን ጨርሶ መተውን ነው። እናቴ አሁን ለእሱ ብርዝ ትበጠብጥለታለች፤ በዚያው ቀን የተበጠበጠ፣ ምክንያቱም ብርዝም ከሰነበተ ወደ ጠጁ ያዘነብላል።

ወላጆቻችን ሁለቱም ጉድለቱን ሳይታመሙ ተሸካሚዎች ስለሆኑ፣ እያንዳንዳችን ልጆች በሽታውን የመውረስ ዕድላችን 25 በመቶ ነበር። እኔ ደሜንና የ24 ሰዓት ሽንቴን ሰጥቼ ተመርምሬ ነጻ ነህ ተባልኩ። ታናሽ እኅታችን ግን እስከ ዛሬ እሺ አላለችም፤ ሽማግሌ ሊላክባት የታሰበበት ጊዜ ነውና «በዘራቸው በሽታ አለ» መባልን ከበሽታው ይልቅ ፈርታዋለች። ባለፈው እሑድም ከጎረቤት ጋር ጠላ ስትጠጣ አየኋት፤ በሰው ፊት ስለነበር ዝም አልኩ።