ከእምነት ቃሉ በኋላ የመጣው ማስረጃ

አንድ ተከሳሽ «ራሱ አምኗል» ከተባለ ብዙዎቻችን ክርክሩ ያለቀ ይመስለናል። የጃፓናዊውን የኢዋኦ ሃካማዳን ጉዳይ ከተከታተልሁ ወዲህ ግን ይህን በሰማሁ ቁጥር ቃሉ የት፣ ከስንት ቀን ምርመራ በኋላና በማን ፊት እንደተሰጠ ሳልጠይቅ አላልፍም።

በጁን 1966 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሺዙኦካ ግዛት፣ ከአኩሪ አተር የሚዘጋጀውን ሚሶ የሚያመርት አንድ ድርጅት ኃላፊ ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር በስለት ተወግተው ተገደሉ፤ ቤታቸውም በእሳት ጋየ። ፖሊስ በኦገስት የያዘው የፋብሪካው ሠራተኛና የቀድሞ ቦክሰኛ የነበሩትን የ30 ዓመቱን ሃካማዳን ነበር። ጠበቃ በሌለበት፣ በአንዳንዱ ቀን ከ12 ሰዓታት በላይ በሚዘልቅ ምርመራ ለ20 ቀናት ያህል ከካዱ በኋላ አመኑ። ፍርድ ቤት ቀርበው ቃላቸውን ቢያስተባብሉም፣ ዳኞቹ ከ45 የምርመራ ቃሎች 44ቱን ውድቅ አድርገው አንዱን በማስረጃነት ተቀበሉ።

በዚያ ቃል መሠረት ግድያው የተፈጸመው በፒጃማ ነበር። ችሎቱ ተጀምሮ ሳለ፣ ግድያው ከተፈጸመ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ደም የነካቸው አምስት ልብሶች ከፋብሪካው የሚሶ ገንዳ ውስጥ ወጡ፤ ዐቃቤ ሕግም ፒጃማውን ትቶ ልብሶቹን ያዘ። ልብሶቹ የእምነት ቃሉን የሚያፈርሱ ሆነው ሳለ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ መቆጠራቸውን እስካሁን ልቀበለው አልቻልሁም። ሱሪው ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፊት ሲለካ ከጭናቸው አላልፍ አለ። ዐቃቤ ሕግ ሱሪው በገንዳው ውስጥ ተኮማትሯል፣ ተከሳሹም ወፍረዋል ብሎ ተከራከረ፤ በመለያው ላይ የነበረችው «ቢ» የምትል ፊደልም ሰፊ ልክ መሆኑን ታሳያለች አለ። አምራቹ ግን ፊደሏ የቀለም ምልክት መሆኗን አስቀድሞ ለመርማሪዎች ተናግሮ ነበር፤ ይህ ቃል ለአሥርተ ዓመታት ከተከላካዮቹ እጅ አልገባም።

የሺዙኦካ ፍርድ ቤት በ1968 ሞት ፈረደባቸው። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ የነበሩት ኖሪሚቺ ኩማሞቶ ሃካማዳ ጥፋተኛ ናቸው ብለው አላመኑም፤ በድምፅ ብልጫ ተሸንፈው ግን የሞት ፍርዱን የጻፉት እርሳቸው ናቸው። ብዙም ሳይቆዩ ዳኝነቱን ተዉ፤ ይህን በአደባባይ የተናገሩት ግን በ2007 ነበር። የዳኞች ምክክር ምስጢር መጠበቁ ተገቢ መሆኑ ይገባኛል፤ ሰው ሞቱን እየጠበቀ ሳለ ግን ያ ምስጢር የሚያስከፍለው ዋጋ እጅግ ከባድ ነው።

ፍርዱ በ1980 የመጨረሻ ሆነ። በጃፓን ሞት የተፈረደበት ሰው የመገደያውን ቀን የሚያውቀው በዚያው ዕለት ጠዋት ነው፤ ሃካማዳም በየማለዳው የኮቴ ድምፅ እያዳመጡ አእምሯቸው ታወከ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን፤ እዚህ ግን እውነቱን ያቆየው ጊዜ ሳይሆን ሥርዓቱ ራሱ ነው። ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ በ1981 የቀረበው የመጀመሪያ ማመልከቻ ውድቅ እስኪሆን 27 ዓመት ፈጀ። ሁለተኛውን እህታቸው ሂደኮ በ2008 አቀረቡ። ፍርድ ቤቱ በ2014 ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ወስኖ ሃካማዳን ቢፈታም፣ ዐቃቤ ሕግ ተቃውሞ ክርክሩ ከችሎት ችሎት ሲንከባለል እስከ 2023 ቆየ።

ውሳኔውን ያዞረው የደሙ ቀለም ነበር። ዐቃቤ ሕግ ዘግይቶ ያወጣቸው የቀለም ፎቶግራፎች የደሙን እድፍ ቀላ ብሎ ያሳያሉ፤ ከዓመት በላይ ሚሶ ውስጥ የተቀበረ ደም ግን ወደ ጥቁርነት እንደሚለወጥ በሙከራ ታየ። ስለዚህ በሴፕቴምበር 2024 ፍርድ ቤቱ ሃካማዳን በ88 ዓመታቸው በነፃ ሲያሰናብት፣ ልብሶቹን ጨምሮ ሦስት ማስረጃዎች በመርማሪዎች የተፈበረኩ ናቸው አለ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ ይግባኝ እንደማይሉ ቢያስታውቁም የፍብረካውን ድምዳሜ አልተቀበሉም።

የጃፓን ጠበቆች ፌዴሬሽን ሕጉ በሁለት ነጥብ እንዲሻሻል ይጠይቃል፤ ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ሲጠየቅ ዐቃቤ ሕግ የያዘውን ማስረጃ የማሳየት ግዴታ እንዲኖርበት፣ እንደገና እንዲታይ ከተወሰነ በኋላም ይግባኝ እንዳይል። ይህ ሕግ በ1981 ኖሮ ቢሆን የሱሪው መለያ ትርጉምና የቀለም ፎቶግራፎቹ በመጀመሪያው ማመልከቻ ጊዜ ከዳኞቹ ፊት በቀረቡ ነበር፤ ሃካማዳም ያኔ ገና በ40ዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ።