የደብረ ብርሃኑን ማን ያዘው?

ሰኔ 30 ሌሊት ሒሳብ ያዘጋ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ወለዱ ተሰልቶ፣ ትራያል ባላንሱ (የሒሳቦቹ ሚዛን ማመሳከሪያ) ወጥቶ፣ ባክአፑ ተይዞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቅርንጫፎች መከፈት አለባቸው። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እምቢ ካለ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ደብረ ብርሃን በዚያ ሰዓት ጋቢ ተደርቦም ይበርዳል።

የዳታቤዝ ባለሙያ ሆኜ በምሠራበት የገንዘብ ተቋም አንድ ዓመት አዲስ ሰርቨር ገብቶልን ነበር፤ ሁለት ሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ)፣ በድምሩ 32 ኮር። ኮር ማለት ለብቻው ማስላት የሚችል የፕሮሰሰር ክፍል ነው። ማሽኑ ተከፋፍሎ ለዋናው ዳታቤዝ 8 ኮር ደረሰው፣ የቀረው ለሪፖርትና ለሙከራ ሆነ። አሮጌው ማሽን 11 ሰዓት ይፈጅበት የነበረውን የወለድ ስሌት በፓራለል (ለብዙ ኮሮች በአንዴ አከፋፍዬ) አስኬደዋለሁ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል አያልፍም ብዬ ለአለቃዬ ቃል ገባሁ። ግንቦት ላይ ስንሞክረው 4 ሰዓት ፈጀ።

ዕቃውን ያቀረበው ድርጅት ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቶ "ኮር አንሶታል" አለ። ከሪፖርቱ ድርሻ 8 ተወስዶ 16 ሆነ። ይኸኛው 4 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ፈጀ። የተጨመሩት ኮሮች በሁለተኛው ሶኬት ላይ ስለነበሩና እያንዳንዱ ሶኬት የራሱ ሜሞሪ ስላለው ከሜሞሪው ከፊሉ ወዲያ ማዶ ሆነ፣ ያን ለማምጣት የሚባክነው ጊዜ ነው ያዘገየው። ሰውዬው ግን ተጨማሪ ኮር ይገዛ የሚል ደብዳቤ ጽፎ ሄደ። የዳታቤዛችን ሶፍትዌር የኦራክል ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) በኮር እንደሚቆጠር የሚያውቅ ሰው የዚያ ደብዳቤ ዋጋ ይገባዋል።

ሰኔ 30 ደረሰ፣ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ወደ ሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ የመዝገብ ክፍሏ እትዬ ቆሎና ሻይ ይዘው ገቡ። የቅርንጫፎቹን ድምር ከወረቀቱ ጋር የሚያመሳክሩት እሳቸው ስለሆኑ እኔን መጠበቅ ነበረባቸው። ስክሪኑ ላይ 16 ሂደቶች ተደርድረዋል፤ 15ቱ ሥራ ፈትተው ይጠብቃሉ፣ አንዱ ይሠራል።

"ልጄ፣ ይሄ ብቻውን የሚሠራው የማንን ይዞ ነው?"

"የዋናውን ቅርንጫፍ፣ የደብረ ብርሃንን።"

"ለአንድ ሰጣችሁት?"

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ኮምፒውተር ነው፤ ሥራውን ራሱ ያከፋፍላል" አልኳቸው። ያን ድምፄን አሁንም እሰማዋለሁ። ሕፃን ልጅ የሚያባብሉበት ድምፅ ነበር።

አልተቀየሙኝም። ቆሎውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና "እኛ በእጅ ስንሠራ የደብረ ብርሃንን መዝገብ ለአንድ ሰው ሰጥተን አናውቅም። የመሐል ሜዳን የያዘው ጨርሶ እሳት ሲሞቅ፣ ያኛው እስኪነጋ እንዳቀረቀረ ነዋ! ለአምስት ነበር የምንቆርጠው" አሉ።

"በስም ፊደል?"

"በፊደልማ ሞከርነው። አበበ፣ አለሙ፣ አየለ፣ አስካለ ሲል የ'አ' ደብተር ብቻውን የገብስ ክምር አከለ። ኋላ በሒሳብ ቁጥሩ መጨረሻ አደረግነው፤ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት አሃዝ። የመጨረሻው አሃዝ ለማንም አያዳላም።"

ሻዩን አስቀመጥኩት። የዳታቤዙን ሁለት ትልልቅ ቴብሎች (ሰንጠረዦች)፣ የሒሳቦቹንም የእንቅስቃሴውንም፣ በቅርንጫፍ የከፋፈልኳቸው እኔ ነኝ። ዳታቤዙ ሲያጣምራቸው ቅርንጫፍን ከቅርንጫፍ ያገጣጥማል፤ አንዱን ጥንድ አንድ ሂደት ይይዘዋል፣ ሌላው ሊያግዘው አይገባም። የሸዋ ሮቢቱ፣ የዓለም ከተማው፣ የደብረ ሲናው ገና በጊዜ አልቋል። ከደንበኞቻችን ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ግን ደብረ ብርሃን ነው። 16 ኮር ቢሆን፣ 64 ቢሆን ያ አንዱ ከ4 ሰዓት አይወርድም ነበር።

የዳታቤዝ ተመራማሪዎቹ ዴዊትና ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ ፓራለል ዳታቤዝን የሚያዘገዩ ሦስት ነገሮችን ይጠቅሳሉ፤ ማስጀመሪያው የሚወስደው ጊዜ፣ በጋራ ሀብት ላይ የሚፈጠረው ሽሚያና የሥራው አለመመጣጠን። ዩኒቨርሲቲ ተፈትኜበት ሦስቱንም ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ሳየው ግን አላወቅሁትም።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሁለቱንም ቴብሎች እንደገና ሠራኋቸው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በሒሳብ ቁጥሩ ሃሽ (ቁጥሩን አደባልቆ ክፍሉን በሚመርጥ ስሌት) ለ16 ንዑስ ክፍል ተቆረጠ። ቁጥሩ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ ካልሄደ የኦራክል ሃሽ እኩል አይደለድልም። ኮሩንም ወደ 8 መለስኩት፣ ሁሉም በአንድ ሶኬት ላይ። ስሌቱን በዳታቤዙ ኮፒ ላይ ሳስኬደው 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ወሰደ። የግዢ ደብዳቤው ተሰረዘ።

ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። "በባለሙያ በተደረገ ጥልቅ ምርመራ" ይላል፣ ከሥሩ ፊርማዬ አለበት። በሐምሌው ስብሰባ ሥራ አስኪያጁ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፣ አዳራሹ አጨበጨበ። እትዬ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። እሳቸውም አብረው አጨበጨቡ።