አያቴን በሁለት ኢርፎን ስሰማ፦ በገመድና ያለ ገመድ

ደሴ እኖራለሁ፣ ኮምቦልቻ እሠራለሁ። ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል እወርዳለሁ፣ ማታ ሽቅብ እመለሳለሁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠመዝማዛው ግን መንገዱን ያረዝመዋል። በዚያ መንገድ ላይ ኢርፎን ሳላደርግ የሄድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ለዓመታት ያገለገለኝ ባለገመድ ኢርፎን ስልክ ላይ የሚሰካው ጫፉ፣ ጃኩ ጋ ተበጠሰና የግራው ጆሮ ዝም አለ። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ገመዱን እያጠማዘዝኩ፣ በጣቴ ደግፌ እየያዝኩ ሁለት ሳምንት ገፋሁበት። በመጨረሻ ፒያሳ ወጣሁና በ1,800 ብር ገመድ አልባ ገዛሁ። እኛ ጋ ገመድ የሌለው ሁሉ "ኤርፖድ" ነው። ኤርፖድ አፕል በ2016 እ.አ.አ. የጃክ ቀዳዳ የሌለውን አይፎን 7 ይዞ ሲመጣ አብሮ ያስተዋወቀው ዕቃ ነው፤ የኔው ሌላ ነው፣ ስሙ ግን ያው ኤርፖድ።

የመጀመሪያው ቀን ደስ አለኝ። ገመዱ ከጋቢዬ ጋር አይጠላለፍም፣ ሲነካኝ ኽሽ ኽሽ አይልም። ማታ ላይ ነው ነገር የተበላሸው።

አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ መንዙማ ይሉ ነበር። ወደ አኼራ ከመሄዳቸው በፊት ቤታችን ወዳጃ (የጋራ ዱዓ) ላይ ሳሉ በስልኬ ቀድቻቸዋለሁ። 40 ደቂቃ ያህላል። ድቤው (ከበሮው) አለ፣ የተቀማጩ ጭብጨባ አለ፣ እሳቸው መሀል ሆነው ይመራሉ፣ ከጓዳ በኩል ሲኒ ይንቀጫቀጫል። ይህን ቅጂ በሳምንት አንዴ ሁለቴ፣ ቤተሰቡ ሲተኛ መብራት አጥፍቼ እሰማዋለሁ። በአዲሱ ኢርፎን ስከፍተው ድቤው የለም። ጭብጨባው ደግሞ ጭብጨባነቱ ቀርቶ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ መሰለኝ። አያቴ ራቁብኝ።

በማግስቱ ላገኘሁት ሁሉ "ገመድ አልባ እንዳትገዛ" ማለት ጀመርኩ። ልክ አልነበርኩም። ገሚሱ እውነት ነበር፣ ገሚሱ የራሴ ስህተት ነበር። የቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት አንድ ወር ፈጀብኝ። እንዴት እንዳደረግኩት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የማነጻጽርበት ስለሚያስፈልገኝ የድሮውን ባለገመድ አስጠገንኩት። ስልክ የሚጠግነው ልጅ አጠገብ በርጩማ ስቤ ቁጭ ብዬ አየሁ። ጃኩን ቆረጠውና ጎማውን ላጠው። ከውስጥ የወጡት ሽቦዎች እንደ ፀጉር ቀጭን ናቸው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ የመዳብ መልክ ያለው። "ብዙ ሰው ቤቱ ሞክሮ እምቢ ሲለው ነው ወደኔ የሚያመጣው" አለኝ። ምክንያቱ ሽቦዎቹ የተቀቡት ቀለም ነው። ቀለሙ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ሳያቃጥሉት ቢበይዱት ኢርፎኑ ዝም ይላል። ላይተር ለኮሰና ጫፋቸውን ለቅጽበት ለብለብ አደረጋቸው፣ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አድርጎ በየዳቸው። ቀዩ የቀኝ፣ አረንጓዴው የግራ፣ መዳቡ ለሁለቱም የጋራ መመለሻ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። የስልኬንም የጃክ ቀዳዳ በስንጥር ጠርጎ ከኪሴ የገባ ብዙ አቧራ አወጣልኝ። የገመድ ጸጋው ይህ ነው፤ ሲበጠስ ይቀጠላል። የገመድ አልባው ትንሽ ባትሪ ግን ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ሲደክም፣ አካሉ በማጣበቂያ ስለተዘጋ ከፍቶ የሚቀይርልህ ማግኘት ከባድ ነው።

ሁለቱን ይዤ ቤት ገባሁ። ድቤውን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። ገመድ አልባውን አድርጌ በግራ ጎኔ ተኝቼ ስሰማ ትራሱ ኢርፎኑን ወደ ውስጥ ገፋው። ድቤው ድም አለ። ቀና ስል ጠፋ። ተመልሼ ስተኛ መጣ።

ነገሩ ጆሮ ውስጥ የሚገባው የኢርፎኑ ጎማ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ሦስት መጠን ያላቸው ጎማዎች ይመጣሉ፤ እኔ የተገጠመለትን መካከለኛውን ሳልነካ ነው የተጠቀምኩት። ወፍራም ድምፅ ጆሮ ውስጥ የታፈነ አየር ይፈልጋል፤ ትንሽ ክፍተት ካለ ቤዙ በዚያ ሾልኮ ያልቃል። የግራ ጆሮዬ ቀዳዳ ከቀኙ ሰፋ ይላል፣ እስከዚያ ቀን አላወቅኩም ነበር። ለግራ ትልቁን ጎማ፣ ለቀኝ መካከለኛውን አደረግኩ። ድቤው ተመለሰ። "ኤርፖድ ቤዝ የለውም" የሚል ሰው ሲገጥመኝ አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ጎማውን ቀይሮ እንደሆነ ነው። ከዚህ ሁሉ ልፋት ትልቁን ለውጥ ያመጣው ምንም ያላስወጣኝ ይህ ነገር ነው።

ቀጥሎ የድምፁ መጠን። ስልኩ ላይ እኩል ቢሆኑም ባለገመዱ ጮክ ይላል። ጆሮ ደግሞ ጮክ ያለውን "ይሻላል" ይላል፣ ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን ጮኸ አይልም፣ ጠራ ነው የሚለው። ስለዚህ ማስተካከል ነበረብኝ። አንድ ጣት የምታህል የግሉኮስ ቱቦ ቆረጥኩ። በአንድ ጫፏ የኢርፎኑን አፍ፣ በሌላው የእህቴን ስልክ ማይክ ገጠምኩና ዙሪያውን በፕላስተር አሸግኩት። እሷ ስልክ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫንን፣ እኔ ስልክ ላይ እንደ ድሮ ሬዲዮ ሽሽሽ የሚል ወጥ ድምፅ ከፈትኩ። ቁጥሩ እኩል እስኪመጣ ድረስ ባለገመዱን ቀነስኩት። ሁለት ደረጃ ዝቅ ሲል ተስተካከሉ። ያቺ ሁለት ደረጃ ናት ለካ ስታታልለኝ የከረመችው።

ከዚህ በኋላ ልዩነቱ በግማሽ ያህል ጠበበ፣ ግን አልጠፋም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆም ብዬ አሰብኩ። የማወዳድረው ሁለት የተለያዩ ኢርፎኖችን ነው። ውስጣቸው ያለው ስፒከር የተለያየ ነው። የባለገመዱ ስፒከር ጎበዝ ቢሆን ምስጋናው የገመዱ አይደለም። ገመድንና ብሉቱዝን ለብቻ ለማየት በሁለቱም የሚሠራ አንድ ዕቃ ያስፈልጋል። የሥራ ባልደረባዬ ትልቁ፣ ጆሮ የሚሸፍነው ሄድፎን አለው፤ ብሉቱዝም ጃክም አለው። ለቅዳሜና እሁድ ተዋስኩት። እንዲህ ያለ ሄድፎን የምትሞክሩ ከሆነ በገመድም ስትሰሙ እንደበራ ይሁን። አንዳንዱ ሲጠፋ ድምፁን የሚያስተካክለው ክፍል አብሮ ስለሚጠፋ ሌላ ዕቃ ይሆናል።

ቅዳሜ ማታ ታናሽ እህቴ ከኋላዬ ተቀመጠች፣ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጃኩን አንዳንዴ ሰክታ ትተወዋለች፣ አንዳንዴ ሰክታ ትነቅለዋለች፣ እንዳልለይ ሁሌም ትነካካዋለች። "አሁንስ?" ትለኛለች። "ገመድ" ወይም "ብሉቱዝ" እላለሁ። እሷ ወረቀት ላይ ትጽፋለች፣ እስኪያልቅ ውጤቱን አትነግረኝም።

መጀመሪያ ዘፈን ሞከርን፣ ሁሌ ሐረጎ ላይ የምሰማቸውን። ከ10 ጊዜ 5 አገኘሁ። ሳንቲም ብወረውርም ያው ነው። ማለትም አልለይም። ለስንት ሰው "ሰማይና ምድር ናቸው" ብዬ ነበር።

ከዚያ አያቴን ከፈትን። ከ10 ጊዜ 9። እንዲህ ያለ ውጤት በዕድል የሚገኘው ከ100 አንዴ ገደማ ነው። ያስለየኝ ጭብጨባው ነው። በገመድ ሲሆን እጅና እጅ ሲጋጭ ይሰማል፤ የማን እጅ ወፍራም፣ የማን ቀጭን እንደሆነ ሁሉ። በብሉቱዝ ጠርዙ ይደፈርሳል።

ለምን ጭብጨባ? ብሉቱዝ ድምፅን እንዳለ አይልክም፣ ጨምቆ ነው። የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎ ቢት ነው። ሙዚቃ የሚያጫውት የብሉቱዝ ኢርፎን ሁሉ የግድ የሚያውቀው ኤስቢሲ የሚባል የመጭመቂያ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ከ328 አያልፍም። ዋሽንት ወይም የሰው ድምፅ ረጋ ብሎ ስለሚሄድ ለመጭመቅ ይመቻል። ጭብጨባ ግን ድንገት የሚፈነዳ፣ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ሁሉንም በአንዴ የሚሞላ ነው፤ አሥራ አምስት ሰው በአንዴ ሲያጨበጭብ ደግሞ አስቡት። በዚያ ላይ ስልኬ ሲቀዳ አንዴ ጨምቆታል። ብሉቱዝ ሁለተኛ ይጨምቀዋል። ወሎ ውስጥ መንዙማ የሚሰማ ሰው ይህን ፈተና ሳያውቀው በየቀኑ ያደርጋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስልኬን ፈተሽኩ። አንድሮይድ ላይ "ቢልድ ነምበር" የሚለውን ሰባት ጊዜ ሲነኩት "ዴቨሎፐር ኦፕሽን" የሚባል ዝርዝር ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ብሉቱዙ በምን እየጨመቀ እንደሚልክ ይታያል። የኔው ኤስቢሲ ላይ ነበር፤ ሄድፎኑ ኤኤሲ የሚባለውን ሌላ መጭመቂያ እያወቀ። ኤኤሲ ቁጥሩ ባይበልጥም አጨማመቁ ብልህ ነው። ወደዚያ ቀየርኩትና ደግመን ጀመርን። ከ10 ጊዜ 6። እህቴ ወረቀቱን ስታሳየኝ አላመንኳትም፣ እንደገና ቆጠርነው። ኤኤሲ በየስልኩ እኩል ጥሩ ስላልሆነ የእናንተው እንዲህ ይሆናል ብዬ አልምልም። ሶኒ የሠራው ኤልዳክ የሚባል መጭመቂያ እስከ 990 ኪሎ ቢት ይሄዳል፤ ግን ስልኩም ኢርፎኑም ማወቅ አለባቸው፣ የኔው ኤርፖድ አያውቅም።

ሰኞ ሁለቱንም ይዤ ተሳፈርኩ። ሐረጎ ላይ ሞተሩ ያጓራል፣ ረዳቱ ይጣራል፣ ሾፌሩ የራሱን ሙዚቃ ከፍቷል። ልዩነት የሚባል ነገር የለም። እንዲያውም ገመድ አልባው ይሻላል፤ ጎማው በደንብ ስለገጠመ ጫጫታውን ያፍናል፣ እኔም ድምፁን ዝቅ አድርጌ እሰማለሁ። አልፎ አልፎ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር፤ ስልኩን ከኋላ ኪሴ ወደ ደረት ኪሴ ሳመጣው ተወ። ሰውነታችን አብዛኛው ውኃ ነው፣ ውኃ ደግሞ የብሉቱዝን ሞገድ ይውጣል። ስልኩ ላይ ተቀምጬ ነበር ማለት ነው።

ገመዱን የማልለቅባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ የስልክ ወሬ ነው። ገመድ አልባው ማይኩን ሲከፍት ድምፅ መላኪያው ይቀየርና የምሰማውም ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። እናቴ ስትደውል "ልጄ፣ የት ገብተህ ነው?" የምትለኝ ለዚያ ነበር። ሌላው የአያቴን ቅጂ ስቆራርጥ ነው። በብሉቱዝ ጣቴ ከነካ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል፤ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ትሆናለች። ለመስማት ምንም አይደለም። ለመቁረጥ ግን ሁለት ጊዜ የስንኙን መጀመሪያ ጎምጄ ጥያለሁ። ደግነቱ ኦርጂናሉን አልነካሁትም ነበር።

ኦርጂናል ካልኩ አይቀር፣ የመጨረሻውና ከሁሉ የገረመኝ እዚህ ነው። ጂዳ ያለችው አክስቴ ይህ ቅጂ አላት። ስደውልላት "ያባባ ድምፅ በደንብ አይሰማኝም" እያለች ነበር፣ እኔም ኢርፎኗን ነበር የምወቅሰው። ስጠይቅ ለካ የደረሳት ኦርጂናሉ አይደለም። አንዱ ዘመድ በስልክ ስፒከር ከፍቶ፣ በሌላ ስልክ የቴሌግራም ቮይስ አድርጎ ቀድቶ የላከው ነው። በምንም ኢርፎን ቢሰሙት ያ አይድንም። ኦርጂናሉን እንደ ፋይል አድርጌ ላክሁላት፣ እንደዚያ ሲላክ ቴሌግራም አይነካውም። ጎማዋንም እንድትቀይር ነገርኳት። የሷም ኢርፎን ገመድ አልባ ነው፣ ከኔው የረከሰ።

ሌሊት ላይ ቮይስ ላከችልኝ። መጀመሪያ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ "ሲኒው ይሰማኛል" አለችኝ። "ያን ቀን ቡናውን የቀዳችው ማናት?"

እናቴ ናት አልኳት።