መድኃኒቱንም ፀበሉንም

የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የተናገሩትን ነገር ዛሬ ብዙ ሰው ረስቶታል። እንጦጦ ፀበል የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ በግልጽ ተናገሩ። መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት አይደለም፣ ፀበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አንዱ ከሌላው አይጣላም አሉ። በቃ ይሄው ነው። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ከተማ ለችግራችን ከሰጠቻቸው መልሶች ውስጥ እኔ ይሄን የሚያህል አላውቅም።

ለምን እንደሆነ ልናገር። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በገንዘብ ነበር፣ ደሃ አይደርስበትም። ሰው ምን ያድርግ? ተስፋውን ይዞ ወደ እንጦጦ ወጣ። ከየክፍለ ሀገሩ እየመጣ ፀበሉ አጠገብ ቤት እየተከራየ ከተመ። ዘመድ ፊቱን ሲያዞርበት፣ አከራይ ዕቃውን ወደ ውጭ ሲያወጣበት፣ ያስጠጋው የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ይሄን ማንም ሊክደው አይገባም።

መድኃኒቱ በነፃ ሲመጣ ግን ሌላ ጣጣ ተከተለ። "ፀበል ከጀመርክ ኪኒኑን ተው፣ በሁለት ልብ አይሆንም" የሚሉ አጥማቂዎች ነበሩ። የዕድሜ ማራዘሚያ ደግሞ አንዴ ከተጀመረ ዕድሜ ልክ ነው። እያቆራረጡ ከወሰዱት ቫይረሱ ይለምደዋል፣ ከዚያ መድኃኒቱ መሥራቱን ያቆማል። ሐኪሙ ይሄን ሌት ተቀን ቢናገር፣ እግዚአብሔርንና ኪኒኑን አማርጥ የተባለ ምእመን የሚመርጠው የታወቀ ነው። ሐኪም ያንን ቋጠሮ መፍታት አይችልም። ሊፈታው የሚችለው ቋጠሮውን ያሰረው ወገን ነው፣ ፈታውም።

እኛ ሰፈር አንዲት ሴት ነበረች፣ ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ። እትዬ ነው የምንላት። ጠዋት ከኪዳን መልስ ደጃፏ ላይ ቁጭ ትልና በሃይላንድ የያዘችውን ፀበል ታወጣለች። ኪኒኗ የነጠላዋ ጫፍ ላይ የተቋጠረ ነው። ትፈታዋለች፣ ታማትባለች፣ ከዚያ በፀበሉ ትውጠዋለች። ሳትደብቅ፣ ሰው እያያት። ማን እንዲህ አድርጊ እንዳላት ስትጠየቅ "የንስሐ አባቴ ናቸዋ" ትላለች። "'ልጄ፣ በፀበሉ ዋጪው፣ ሁለቱም የሱ ነው' አሉኝ።" ልጆቿን አስተምራ ድራለች። ዛሬ የልጅ ልጅ ታቅፋለች።

የፓትርያርኩ ቃል እንጦጦ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ እዚያች ደጃፍ አይደርስም ነበር። ያደረሰው የንስሐ አባት ነው። መስቀሉን ይዞ ቤት የሚገባ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ከማን እንደተጣላ የሚያውቅ ሰው። ጤና ቢሮ ስንት ሠራተኛ ቢቀጥር እንዲህ ያለ ሰው በየቤቱ ማስገባት አይችልም። "መድኃኒትሽን ወሰድሽ?" የሚለው ጥያቄ ከሱ አፍ ሲወጣ ሌላ ክብደት አለው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ያ ቃል ዛሬ በጣም የሚያስፈልገው ለአእምሮ ሕመምና ለሚጥል በሽታ ነው። እዚህ ላይ ግን እንደዚያ ጮክ ያለ ድምፅ አልሰማንም።

አንድ አብሮ አደጌ አለ። ዩኒቨርሲቲ እያለ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር አለ፣ እንቅልፍ አጣ፣ ሰዎች ይከታተሉኛል እያለ ክፍሉን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር። ሐኪም ቤት ሄዶ መድኃኒት ተጀመረለት፣ ተሻለውም። ከዚያ ቤተሰቡ ከከተማ ወጣ ወዳለ አንድ ፀበል ወሰዱት። እዚያ የነበሩ ሰዎች መድኃኒቱን እንዲያቆም ነገሩት። ምክንያታቸው "ኪኒኑ መንፈሱን ያደነዝዘዋል፣ ሲጠመቅ አይጮህም" የሚል ነበር። አቆመ። ሕመሙ ተመለሰበት። ሲረበሽ ጊዜ እግሩን በሰንሰለት አሰሩት። ልጠይቀው ሄጄ ቁርጭምጭሚቱን አይቻለሁ፣ ሰንሰለቱ በልቶታል፣ ቁስሉ ላይ እናቱ የለበሰችውን ነጠላ ቀዳ ጠቅልላለታለች። እናቱን አልወቅሳትም። እናት ልጇ እንዲድን የማታደርገው የለም። የነገሯትን ነው ያደረገችው። ትክክለኛውን ነገር የሚነግራት ካህን በጊዜው አለማግኘቷ ነው የሚያናድደኝ።

የሚጥል በሽታም ያው ነው። ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ ክብሪት ጭረን እናሸተዋለን፣ ልክፍት ነው እንላለን። የሚያስቆመው መድኃኒት አለ፣ ውድም አይደለም። ድንገት ከተቋረጠ ግን ማንቀጥቀጡ አልቆም ብሎ ሰው ሊገድል ይችላል። ይሄን እያንዳንዱ አጥማቂ ቢያውቀው ስንት ልጅ በተረፈ።

እኔ ራሴ ፀበል እጠመቃለሁ። የማምንበት ነገር ነው፣ ማንም እንዲያጣጥለው አልፈልግም። እምነታችንም ቢሆን ከመድኃኒት ጋር ጠብ የለውም። ከ81ዱ መጻሕፍታችን አንዱ የሆነው ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፣ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እሱ ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ንጉሥ ሕዝቅያስ ሲታመም ጸለየ፣ ጸሎቱም ተሰማ፣ ግን ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ እባጩ ላይ አድርጉለት አለ። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። ታዲያ ከየት ያመጣነው ጠብ ነው?

እንጦጦ ማርያም ላይ ደግሞ ጥሩ ጅምር ታይቷል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሄዱ የአእምሮ ሐኪሞች ከካህናቱ ጋር ተነጋግረው፣ ተጠማቂው ፀበሉን ሳይተው ሕክምናም የሚያገኝበትን መንገድ አብረው ሠርተዋል። ስለ ሥራው ጥናትም ታትሟል። ካህኑና ሐኪሙ ተከባብረው አንድ በሽተኛ ሲያዩ ማለት ነው። ይሄ እንጦጦ ላይ ከተቻለ ሌላው ፀበል ጋ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ነገሩ የኦርቶዶክስ ብቻ አይደለም። ጴንጤ ጓደኞቼም ይሄው ያማቸዋል። መድረክ ላይ "ተፈውሰሃል፣ መድኃኒትህን ጣል" የሚል አገልጋይ አለ፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ምስክርነቱ ይቀረጻል፣ ሰውየው ከሁለት ወር በኋላ ሲወድቅ ግን ካሜራ ይዞ የሚመጣ የለም። የሚያሳዝነው የዚያ ቤት የራሱ ታሪክ ሌላ ነገር ማስተማሩ ነው። መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን የጻፈችው ደብዳቤ አለ። የውጭ ለጋሾች ለልማት ገንዘብ እየሰጡ ለወንጌል ሥራ ሲነፍጉ፣ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብላችሁ ለሁለት አትክፈሉብን፣ የሰው ልጅ አንድ ነው አለቻቸው። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ፣ ኋላ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. እዚሁ ከተማችን ውስጥ፣ ዑራኤል አካባቢ አገልግለው ሲወጡ ተይዘው በደርግ የተገደሉት። ያንን ሐሳብ ዛሬ የሚያምኑበት ሁሉ፣ የታመመን ሰው ጸልዮለት ክኒኑን የሚያስጥለውን አገልጋይ ዝም ማለት የለባቸውም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ የሚነገርለት ትንሽ ነው። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ፣ ካዛንቺስም ሲከተል፣ ሰው ወደ ዳር ዳር ተበተነ። ቤት ያገኘ አገኘ። ግን ዕድሩ፣ ሰንበቴው፣ የንስሐ አባቱ እዚሁ ቀሩ። የታመመ ልጅ ያላት እናት ገበያ ስትሄድ "አንቺ ሂጂ፣ እኔ አየዋለሁ" የምትላት ጎረቤት አሁን የት እንዳለች አታውቅም። መድኃኒት የሚያስታውስ፣ ሲረበሽ የሚያረጋጋ ሰው ከአጠገቧ የለም። እንዲህ ያለች እናት ብቻዋን ስትቀር ሰንሰለት ታነሳለች። ስለዚህ አዲሱ መኖሪያ አካባቢ ያሉ አጥቢያዎች የመጣውን ሰው በስም መዝግበው፣ የንስሐ አባት ቶሎ እንዲይዙለት ብለምን ብዙ አልጠየቅሁም።

ብዙ አጥቢያዎች ሙሽሮችን የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት ይጠይቃሉ። አንድ ሰሞን የማይታሰብ ነበር፣ አሁን ግን ማንም አይደነግጥም። ፀበል ቦታም መዝጋቢው ስምና ክርስትና ስም ሲጽፍ "የምትወስደው መድኃኒት አለ? እንዳታቋርጥ" ብሎ ቢጨምር ምን ይከብዳል? ለዚህ በጀት አያስፈልግም፣ ሕንፃም አያስፈልግም።

ለንስሐ አባቴ ይሄንኑ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "ልጄ፣ ለማርያም ዕለት ከቅዳሴ በኋላ እናገራለሁ። ግን ሕዝቡ ይጠይቀኛል፣ የመድኃኒቱን ነገር አውቃለሁ ብዬ አልዋሽም፣ አንድ የሚያስረዳ ሰው አምጣልኝ" አሉኝ። ስለዚህ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ያላችሁ፣ የአእምሮ ሕክምና ላይ የምትሠሩ ነርሶችና ሐኪሞች፣ በ21 ጠዋት ግማሽ ሰዓት ከሳቸው ጎን የሚቆም ሰው እፈልጋለሁ። ነጠላ ለሌለው እኔ ይዤ እመጣለሁ።